ተገደለ... በማን?

ሐረር ሰው አንቱ አይባልም። ይህን የማያምን የአዲስ አበባ ሰው ካለ ሸዋ በር ሄዶ ይሞክረው። ባለፈው ሰሞን እኔ ራሴ፣ ተወልጄ ባደግሁበት ከተማ፣ የሠላሳ ዓመት የአዲስ አበባ ኑሮ አፌን አበላሽቶብኝ ነበርና ሸዋ በር ጉሊት ላይ ከተቀመጡ አንዲት አሮጊት ፊት ቆሜ «እማማ፣ ዘይቱኑን እንዴት ነው የሚሸጡት?» ብዬ ጠየቅሁ። ቀና ብለው አዩኝና «ማንን ነው የምታናግረው? እኔ እኮ ብቻዬን ነኝ!» አሉኝ። የጎን ባልንጀሮቻቸው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ሐረር ሰውን ስትቀበል እንዲህ ናት፤ መጀመሪያ ማዕረጉን ታወልቅለታለች። (እዚህ ላይ አንቱ እያልኩ የምጽፍላቸው እንግዲህ አንባቢዬ ባለጌ ነው እንዳይለኝ ብዬ ነው።)

ሸዋ በር ከአምስቱ ጥንታዊ የጀጎል በሮች አንዱ ነው። ሐረሪዎች አስማዲን በሪ ይሉታል። በሩ አፍ ላይ ገበያ አለ፤ ባጃጅ አለ፤ ጫት አለ፤ ከገጠር የመጣ ማገዶ አለ። ልጅ ሆነን ከትምህርት ቤት ስንመለስ የምንርመጠመጠው እዚሁ ነበር። አሮጊቷ ዘይቱኑን እየመረጡ «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው። ሰፈራችንን ነገርኳቸው። እጃቸው ቆመ።

«አንድ ወንድም ነበረህ አይደል? ያ ረጅሙ፣ ተማሪው...»

«አዎ፤ እሱ እንኳ ሞቷል። በ1970 ዓ.ም. ነው የሞተው።»

«ምን ሞተ ትላለህ አንተ?» አሉኝ፤ ቁጣቸው እውነተኛ ነበር። «ሞትማ የአላህ ነው። ገደሉት በል እንጂ!»

ዘይቱኑን ተቀብዬ፣ ከፍዬ፣ አመስግኜ ሄድኩ። ቃሉ ግን አብሮኝ ሄደ። ዕድሜዬን በሙሉ ስለ ቃል ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ የገበያ ሴት ስለ ወንድሜ የተጠቀምኩበትን ግሥ አረመችኝ። እርማቱም ትክክል ነው።

ነገሩን የባሰ የሚያደርገው ደግሞ ይህ ነው። ወንድሜ አስከሬኑ አልተሰጠንም። የት እንደጣሉት እስከ ዛሬ አናውቅም። ደርግ ከወደቀ በኋላ ቤተሰቡ ገንዘብ አዋጥቶ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ከአባታችን መቃብር ጎን፣ ሥሩ ባዶ የሆነ አንድ ድንጋይ አቆመለት። የድንጋዩን ጽሑፍ እንድጽፍ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ፤ «የሥነ ጽሑፍ ምሁሩ እያለ ማን ይጽፋል?» ተባለ። ጻፍኩ። ስሙን፣ የአባታችንንና የእናታችንን ስም፣ የተወለደበትን ዓመት አስቀደምኩና «በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ተሠዋ» ብዬ ዘጋሁት። ዘመድ አለቀሰ። «ጥሩ አድርገህ ጻፍከው» ተባልኩ። ስሙን እዚህ ያልጻፍኩት እኅቶቼ ስላልፈቀዱልኝ ነው፤ ምክንያታቸውን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እስቲ ያንን አንድ መስመር እንደ ተማሪ ድርሰት ቀይ እስክሪብቶ ይዘን እንየው። «ተሠዋ።» ማን ሠዋው? ለማን ተሠዋ? መሥዋዕት ተቀባይ አለው፤ ወንድሜ ለማን ቀረበ? «በቀይ ሽብር።» ቀይ ሽብር ምንድን ነው? እጅ አለው? ሽጉጥ ይይዛል? ሌሊት በር ያንኳኳል? ወንድሜን የወሰደው ሽብር ሳይሆን ሰው ነው። ሰፈር የሚያውቀው፣ ቅዳሜ ጫት ሲቅም የምናየው ሰው ነው። እኔ ግን በአንድ መስመር ውስጥ ያንን ሰው አጥፍቼ በቦታው የአየር ጠባይ የሚመስል ነገር ተከልኩ። ወንድሜ በጎርፍ የተወሰደ ነው የሚመስለው።

አማርኛ በዚህ ረገድ ሰነፍ ቋንቋ አይደለም። ከአንድ ሥር ስንት ዓይነት ሰው ይወጣል! ገደለ፣ አስገደለ፣ ተገደለ፣ ተጋደለ፣ አጋደለ። ያደረገውን፣ ያዘዘውን፣ የተደረገበትን፣ እኩል የተናነቁትን፣ ከጀርባ ሆኖ ያናከሰውን እያንዳንዱን ለይቶ የሚጠራ ቋንቋ ነው። «ገደለ» ስንል አድራጊው በግሡ ውስጥ ተቀምጧል፤ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ ግሡ ራሱ ይናገራል። «ተ» የምትባለው ፊደል ስትገባ ግን ገዳዩ በጓሮ በር ይወጣል። አንድ ፊደል ናት፤ ሥራዋ ግን የጠበቃ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው፣ ይህችን ፊደል መጀመሪያ የተገለገሉባት ገዳዮቹ ናቸው። የእኔ ትውልድ የሚያስታውሰውን አባባል አስቡት፦ «እርምጃ ተወሰደበት።» በሬዲዮ፣ በቀበሌ ስብሰባ፣ አስከሬን ላይ በተለጠፈ ወረቀት። መግደል የሚለው ግሥ ራሱ ጠፍቶ «እርምጃ» ሆነ፤ ወሳጁም ጠፍቶ «ተወሰደ» ተባለ። ከዚያ በፊት ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት የተረሸኑት ስልሳ ሰዎችም ነገር በማግስቱ «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ተብሎ ነው የተነገረን። ውሳኔ ሆነ እንጂ ግድያ አልሆነም። እንግዲህ እኔ ከዓመታት በኋላ በወንድሜ ድንጋይ ላይ የጻፍኩት የገዳዮቹን ሰዋስው ነው። ቃሉን አሳመርኩት፤ አሠራሩን ግን አልለወጥኩትም።

በዚህ ስሜት ነው የሐረርን መቃብሮች እንደገና ማየት የጀመርኩት። ጀጎል ውስጥ የአዋች መቃብር በየመንደሩ አለ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ከተማዋን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 የአዋች ቦታዎች ተቈጥረው ነበር። የአው አባድርን፣ የአሚር ኑርን፣ የእናቶቻችን ወዳጅ የሆነችውን የአይ አቢዳን ቦታ ሐረር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። እነዚህ ቦታዎች ሦስት ነገር አላቸው፦ ስም፣ ጠባቂ (ሙሪድ ይሉታል) እና እንግዳ። ዕጣን ይጨሳል፣ ዚክሪ ይባላል፣ ሰው ይመጣል። ድንጋዩ ትልቅ አይደለም፤ ብዙው ጎጆ የሚያህል በኖራ የተቀባ ነገር ነው። ግን ሟቹ ተጠርቶ ያውቃል። ልጅ ሆኜ እዚያ ስገባ «የአንተ ሃይማኖት ምንድን ነው?» ብሎ የመለሰኝ የለም።

እንግዲህ እዚችው ከተማ ውስጥ በግፍ ከሞቱት የአንዱን ነገር እናንሣ። በጥቅምት 1868 ዓ.ም. የግብፁ ጦር መሪ ራኡፍ ፓሻ ሐረርን ያዘ። የከተማዋ አሚር ሙሐመድ ኢብን ዓሊ ነበሩ። እጃቸውን ሰጥተው ሳለ ብዙም ሳይቆይ ራኡፍ አሳንቆ አስገደላቸው። ግብፆች ከተማዋን ለቀው ሲወጡ፣ በ1877 ዓ.ም.፣ በመንበሩ የተቀመጡት የኚሁ ሰው ልጅ አሚር አብዱላሂ ናቸው። የእሳቸውን መጨረሻ ሁሉም ያውቀዋል፤ ጨለንቆን ያላነሣ የሐረር ጨዋታ የለምና። የአባታቸውን አሟሟት ግን ከምሁራን በቀር የሚያነሣው ጥቂት ነው። ለምን ቢሉ፣ ግብፅ ሄደች፤ የሚጣላን አልተወችም። ግድያውን በአንድ ቀላል ዐረፍተ ነገር መጻፍ ይቻላል፦ «ራኡፍ ፓሻ አሚር ሙሐመድን አስገደለ።» ባለቤት አለው፤ ተሳቢ አለው፤ ግሥ አለው። ማንም አይቈጣም።

ልብ በሉ፤ ገዳዩ ባዕድ ሲሆን ሰዋስዋችን ይስተካከላል። አቡነ ጴጥሮስን ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሺስት ጣሊያን ገደላቸው፤ ይህን ለመናገር የምላሱ የሚተሳሰር ኢትዮጵያዊ የለም። ሐውልታቸው በሚያዝያ 2005 ለባቡሩ መንገድ ሲነሣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ያለቀሰው፣ በ2008 ሲመለስ የተደሰተው፣ ድንጋዩ ማንን፣ ማን እንደገደለው ስለሚናገር ነው። የስድስት ኪሎውም የየካቲት 12 ሐውልት እንዲሁ ነው። የዩጎዝላቪያ ቀራጮች የሠሩት ያ ሐውልት በነሐስ ቅርጹ ላይ ገዳዩንም ሟቹንም ያሳያል። የኢትዮጵያ መንግሥት ያኔ 30,000 ሰው አለቀ አለ፤ ኢያን ካምፔል የተባለው ተመራማሪ በቅርብ ዓመታት 19,000 ገደማ ብሎ ገምቷል። በቍጥሩ መከራከር ይቻላል፤ በገዳዩ ግን አንከራከርም።

ስለ ገዳዩ ስም ካነሣን ዘንድ፣ ግራዚያኒ ሐረርንም ያውቃታል፤ በመጋቢት 1928 በአውሮፕላን የተደበደበችውን ከተማ ጦሩ የያዘው ሚያዝያ 30 ቀን ነው። በዓመቱ ደብረ ሊባኖስ ላይ ያስፈጀውን ለሮም ሲያሳውቅ ቍጥር ነው የላከው፤ 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች፣ ቀጥሎም 129 ዲያቆናት። ሰማዕታቱ በገዳያቸው ቴሌግራም ላይ ቍጥር ናቸው። እሱ ግን በነሐሴ 2004 ዓ.ም. በኢጣሊያ አፊሌ በምትባል ትንሽ ከተማ ስሙ የተጠራበት የመታሰቢያ ቤት ተሠራለት። ገዳይ በስሙ፣ ሟች በቍጥሩ የሚታሰብባት ዓለም ናት። በዚህ ስንቈጣ ትክክል ነን። ቍጣችን ግን ድንበር ላይ የሚቆም ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ከሐረር ወደ ምዕራብ አሻግሮ ለሚያይ የጋራ ሙለታ ተራራ አለ። ልጅ ኢያሱ ከፍቼ አምልጠው በ1924 ከተያዙ በኋላ በመጨረሻ የታሰሩት እዚያ ነው። ሐረርን ይወዱ የነበሩ ሰው ናቸው፤ መስከረም 17 ቀን 1909 ከሥልጣን መውረዳቸው አዲስ አበባ ላይ ሲታወጅ የነበሩት በዚሁ በሐረር ምድር ነው። በኅዳር 1928፣ ጣሊያን በሰሜንም በደቡብም እየገፋ ሳለ፣ እስር ላይ እንዳሉ ሞቱ። «ሞቱ» ነው የሚባለው። ሸዋ በር ያሉት ሴትዮ ቢሰሙ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። የሀገር መሪ የነበረ ሰው በመንግሥት እጅ ሳለ ይሞታል፤ ሰው ሄዶ «እዚህ ነው ያሉት» ብሎ የሚያለቅስበት የታወቀ መቃብር የላቸውም። አሟሟታቸው ሲያጠያይቅ ዘጠኝ ዐሥርት ዓመታት አለፈ። መቃብር የሌለው ሞት ጥያቄው አይዘጋም።

ልጅ ኢያሱ የሞቱበት ዘመን ንጉሠ ነገሥት በተራቸው ነሐሴ 1967 በቤተ መንግሥት ተዘግተው ሳለ ሞቱ፤ መንግሥት በሕመም ነው አለን። በ1984 አፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር ወጣ፤ በጥቅምት 1993 በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። የደርግ ባለሥልጣናትን ያከራከረው የፍርድ ቤት መዝገብ ታንቀው እንደተገደሉ ይናገራል። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ክረምት ተገደሉ፤ የሁለቱም አፅም በ1984 ተቈፍሮ ወጣ፤ አቡኑ ጎፋ ገብርኤል ዐረፉ። አንዱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ መካነ ኢየሱስ፤ በሕይወት ሳሉ አንድ መቅደስ የማያገናኛቸውን ሰዎች አንድ መንግሥት በአንድ ዓይነት ሞት አገናኛቸው።

የእኔን ሙያ የሚነካውን ሳልጠቅስ አላልፍም። በዓሉ ግርማ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። «ኦሮማይ»ን ባሳተመ በዓመቱ መሆኑ ነው። ለዓመታት ክፍል ውስጥ ስለ እሱ ሳስተምር የምጠቀምበት ግሥ «ተሰወረ» የሚል ነበር። አሁን ሳስበው ያፍረኛል። መሰወር የቅዱሳን ነው፤ የጉም ነው። ሰው በገዛ አገሩ ዋና ከተማ እንዴት ይሰወራል? የሰወረው ሰው አለ። ያዘዘ አለ፤ መኪና የነዳ አለ። አንድ ተማሪዬ አንድ ቀን እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ መቃብሩ የት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ስለ ልብ ወለዱ አወቃቀር ማውራት ጀመርኩ።

አንባቢዬ «ገዳዮቹ ተጠርተው የለም ወይ? ፍርድ ቤት ቆመው የለም ወይ?» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው። የልዩ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ደክሞ ክስ መሠረተ፤ በታኅሣሥ 1999 ፍርድ ቤቱ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት ከግብረ አበሮቻቸው ጋር በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ አላቸው። በዚህች አገር «እገሌ እገሌን በዚህ ቀን በዚህ ቦታ ገደለ» ተብሎ በሙሉ ዐረፍተ ነገር የተጻፈው በእነዚያ የክስ መዝገቦች ላይ ነው። ያ ሰዋስው ግን ከመዝገብ ቤት ወደ ድንጋይ አልተሻገረም። መስቀል አደባባይ ጥግ በ2002 የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ሄዳችሁ እዩ። አፅሙ በመስተዋት ውስጥ አለ፤ የሟቾች ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶታል። ስም አለ፤ ፊት አለ፤ በዚህ ከየካቲት 12 ሐውልት ይበልጣል። እኔ እዚያ ገብቼ የወንድሜን ዕድሜ እኩዮች ሳይ ጉልበቴ ከዳኝ። ስወጣ ግን አንድ ነገር ቀረብኝ፤ እነዚያ ሁሉ ልጆች በማን እጅ እንደሞቱ ለማያውቅ የሃያ ዓመት ልጅ «ደርግ» ምን ይነግረዋል? ደርግ ቃሉ ራሱ ኮሚቴ ማለት ነው። ኮሚቴ ደግሞ አያፍርም።

«ሰማዕት» የሚለውንም ቃል እናንሣው፤ በየሐውልቱ ላይ አለና። በግዕዝ ሰማዕት ማለት ምስክር ማለት ነው። ምስክር ችሎት ፊት ቆሞ «ያየሁት ይህን ነው፤ ያደረገው እሱ ነው» ይላል። እኛ ሰማዕት ያልናቸውን ግን ምስክርነታቸውን ነጥቀን ክብር ሰጠናቸው። ከድሮ ጀምሮ ባላገሩ እንኳ ደም ሲፈስ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር፤ አድራጊው ሳይታወቅ ሰው ወደ ቤቱ አይሄድም። ብዙ ጉድለት ያለበት ሥርዓት ነው፤ የጠመመም ስም ይወጣበታል። ግን «ተገደለ» ብሎ መበተን ነውር መሆኑን ያውቅ ነበር።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ «ተገደለ» ነው። አሁን ደግሞ ወደ አሮጊቷ ቃል ልመለስ። «ገደሉት በል» ነው ያሉኝ። ከእኔ «ሞተ» እጅግ ይሻላል። ግን እሱም ችግር አለበት። «ገደሉት» በአማርኛ ሁለት ነገር ነው፤ እነሱ ገደሉት፣ ወይም እሳቸው ገደሉት። አንድን ሰው ስናከብርና ብዙ ሰው ስንጠራ ግሣችን አንድ ነው። ከ«ገደሉት» ወደ «እነሱ» መንገዱ አጭር ነው፤ «እነሱ» ደግሞ ሲውል ሲያድር ሕዝብ ይሆናል። የመጀመሪያው ስሕተት ገዳዩን ማጥፋት ነው፤ ሁለተኛው ስሕተት ገዳዩን ማብዛት ነው።

ይህንንም ሐረር አይታዋለች። ፈረስ መጋላ ላይ፣ ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት፣ የጨለንቆ ሰማዕታት መታሰቢያ ቆሟል። በ1879 የገና ሰሞን የምኒልክ ጦር የአሚር አብዱላሂን ጦር ጨለንቆ ላይ ደመሰሰ። ውጊያ ነው፤ ግን ለቤተሰቡ የወደቀ ሁሉ የተገደለ ነው፤ የሞተን ማሰብ መብት ነው። ከጀጎል ውጭ ደግሞ፣ በአዲሱ ከተማ፣ ከጨለንቆ በኋላ ሐረርን የገዙት የራስ መኮንን ሐውልት በፈረስ ላይ ቆሞ ነበር፤ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ። ሁለቱ ሐውልቶች ለዓመታት ተፋጥጠው ኖሩ። ሁለቱም ስለ ሙታን የቆሙ ይመስላሉ እንጂ የሚናገሩት ለሕያዋን ነበር።

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሌሊት ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተመታ። አንድ ሰው፣ አንድ ስም፣ ሚስትና ልጆች ያሉት። በማግስቱ ሐረር ላይ የራስ መኮንን ሐውልት በገመድ ተስቦ ወደቀ፤ ለንደን ዊምብልደን መናፈሻ ውስጥ የነበረው የልጃቸው፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ሐውልት ተሰባበረ። እሳቸው ራሳቸው በግፍ የተገደሉ ሰው መሆናቸውን ያስታወሰ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ፖሊስ ራሱ ከሁለት መቶ በላይ ብሎ የቈጠራቸው ሰዎች አለቁ። ከእነዚህ መካከል ስንቱን በስም እንጠራለን? ሃጫሉ አምቦ ተቀብሯል፤ መቃብሩ ይጎበኛል፤ ይገባዋልም። የሌሎቹ ሞት ግን «በሁከቱ ሕይወታቸው አለፈ» በሚል ዜና ተሸኘ። ሁከት! የወንድሜ ቀይ ሽብር እኅት ናት። ለአንድ ሰው ግድያ «እነሱ» የሚባል ገዳይ ተገኘለት፤ «እነሱ» የተባሉት ሲገደሉ ደግሞ «ተ» ገባች። ሁለቱ ስሕተቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ አብረው ሠሩ።

የአርሲው የአኖሌ ሐውልት በ2006 ሲመረቅ የተነሣው ጭቅጭቅም ከዚሁ የራቀ አይደለም። እዚያ ላይ እጅ አለ፤ በእጁ ላይ የተቈረጠ ጡት አለ። ስለ ታሪኩ የሚከራከሩ አሉ፤ ሕመሙ የእውነት የሆነባቸው አሉ፤ እኔ ሕመምተኛን ሕመምህን አሳይ አልልም። እንደ ጽሑፍ አንባቢ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ያቺ ሴት ማን ናት? ያ እጅ የማን ነው? ስም ከሌለው እጁ የሁላችንም ሊሆን ነው፤ የሁላችን ከሆነ ደግሞ የማንም አይደለም፤ ለጠብ ግን ይበቃል።

ጀርመኖች አሁን የሚያደርጉትን አንድ ነገር እወድላቸዋለሁ። ጉንተር ዴምኒግ የተባለ ሠዓሊ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በናዚ ለተገደሉ ሰዎች በየቤታቸው ደጃፍ አስፋልቱ ላይ ዐሥር ሴንቲሜትር በዐሥር ሴንቲሜትር የሆነ የናስ ሰሌዳ ይቀብራል። ጽሑፉ «እዚህ ይኖር ነበር» ብሎ ይጀምራል፤ ስም፣ የልደት ዓመት፣ የት እንደተወሰደ፣ መቼ እንደተገደለ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2023 ከ100,000 አልፏል። ብዛቱ አንድ በአንድ የተደመረ ነው። መንገደኛው ለማንበብ አንገቱን መድፋት አለበት። ሐውልት ቀና ብሎ ያሳያል፤ ይኸ ደግሞ ያስጎነብሳል። ከሐረር አዋች ጋር የሚዛመድ ነገር አየሁበት፤ ስም ያለው ሟች፣ በሰፈሩ ውስጥ፣ በሚያውቁት መካከል።

እዚህ ላይ የእኅቶቼን ነገር ላንሣ። ወንድሜን የወሰደው ሰው የቀበሌ ሰው ነበር። እናቴ ስሙን እስከ ዕለተ ሞቷ አልጠራችም፤ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሸዋ በር ስትሄድ በእሱ ደጅ ላለማለፍ ዞራ ነበር የምትሄደው። ልጁ አብራኝ ተምራለች። ጥሩ ልጅ ነበረች፤ እርሳስ አውሳኛለች። ኋላም የእናቴ ለቅሶ ላይ እሷ መጥታ ወጥ ሠርታለች፤ እኅቶቼ ተቀብለዋታል። ስሙ ድንጋይ ላይ ቢወጣ የእሷ ልጆች የአያታቸውን ስም እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ያነባሉ። «ተ» ለዚህ አይደለም ወይ የተፈጠረችው? አብሮ ለመኖር፣ በአንድ ዕድር ለመቀበር? እኅቶቼ የሚሉኝ ይህንን ነው፤ ቀላል ነገር አይደለም። በወረቀት ላይ ጀግና መሆን ለእኔ ይቀለኛል፤ ሐረር የሚኖሩት እነሱ ናቸው።

ብዙ አሰብኩበት። የደረስኩበት ይህ ነው። ስሙ ሳይጠራ ሲቀር የተጠበቀው ሰውዬው እንጂ ልጁ አይደለችም። እኛ ዝም ስንል ሰፈሩ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆኖ ነው የኖረው፤ እናቴ ዞራ የሄደችው አንድን ደጅ ለመሸሽ ሲሆን እኅቶቼ ግን አራት ቤተሰብ ሲሸሹ አድገዋል፤ ማን እንደሆነ በትክክል ስላልተነገራቸው። ስም ወሰን ነው። «እሱ ነው» ማለት «እሷ አይደለችም፣ ልጆቿ አይደሉም፣ ወገኑ አይደለም» ማለት ጭምር ነው። «ገደለው» የምትለዋ ነጠላ ግሥ ከ«ተገደለ»ም ከ«ገደሉት»ም ይልቅ ምሕረት ያለባት ናት፤ ጥፋቱን አንድ ሰው ላይ አስቀምጣ ሌላውን ታሰናብታለች። ይቅር የሚባልም እሱ ነው፤ «ሽብር»ን ይቅር ማለት፣ «እነሱ»ን ይቅር ማለት አይቻልም።

ግን ይህ የሚሠራው ስሙ በእርግጥ የታወቀ እንደሆነ ነው። በጥርጣሬ ስም ድንጋይ ላይ መጻፍ ሁለተኛ ግድያ ነው። ስለዚህ እርግጠኛ ያልሆንበትን ስም ትተን ቢያንስ ወንበሩን እንጻፍ፤ የትኛው መሥሪያ ቤት፣ የትኛው እስር ቤት፣ በማን ትእዛዝ። ይህ በክስ መዝገብ አለ፤ ከመዝገብ ቤቱ ወደ መቃብሩ ማሻገር ብቻ ነው የቀረው።

ከሸዋ በር በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ድንጋይ ጠራቢ ዘንድ ሄድኩ። ያው የሐረር ሰው ነው፤ አንተ አለኝ። አንድ ቃል ብቻ ማስለወጥ እንደምፈልግ ነገርኩት። መጥቶ አየው፤ በጥፍሩ ፊደሉን ዳሰሰና «አንድ ቃል የሚባል ነገር የለም፤ አንዴ የተቀረጸ አይፋቅም፤ ድንጋዩን ነው የምትለውጠው» አለኝ። ዋጋውን ነገረኝ፤ በፊደል ነው የሚያስከፍለው። «ስንት ፊደል ነው የምትጨምረው?» አለኝ። ቈጠርኩለት። ስሙ ሲገባ ስምንት ፊደል ይጨምራል፤ «ተ» ስትወጣ አንድ ይቀንሳል።

ቀብድ አልከፈልኩም። መጀመሪያ እኅቶቼን፣ ከእነሱም ጋር ያቺን እርሳስ ያዋሰችኝን ሴት፣ አንድ ቤት ቁጭ አድርጌ ማናገር አለብኝ። እሷም የአባቷን ነገር ከእኛ አፍ መስማት ይገባታል እንጂ ከድንጋይ አይደለም። ለገና እመለሳለሁ ብያለሁ።